የዳኛው ሌባ

በየከተማው አንድ አለ፤ የሌለበት ከተማ ገና አልተቆረቆረም። ከጎረቤት ቅል ተውሶ ያላመጣውን ሰው ከወንበዴ የሚቆጥር፣ ሚዛን ላይ ጣቷን ያሳረፈችን ነጋዴ ዓመት ሙሉ ሰላም የማይል፣ ከቀናነቱ ብዛት ሲሄድ ግንድ የዋጠ የሚመስል ሰው። ታዲያ ይህን ሰው በደንብ ማወቅ የፈለገ ተረት ሲነገር ይየው። በተረቱ ውስጥ አንድ ጻድቅና አንድ ቀጣፊ ካሉ፣ ጻድቁን በቁሙ ትቶ ከቀጣፊው ጋር አብሮ የሚሮጥ፣ ቀጣፊው ሊያዝ ሲል ላብ የሚያጠምቀው እሱ ነው።

ብቸና የደረሳት ጋሽ አካለ ወልድ ነበሩ።

ዘመኑ ደርግ ነው፤ ሰባ ሦስት ዓመተ ምሕረት ገደማ። ጋሽ አካለ ወልድ በልጅነታቸው ቅኔ ቤት የዋሉ፣ በጉልምስናቸው ያረሱ፣ በስተርጅና ደግሞ ሕዝቡ እጅ አውጥቶ የቀበሌው ፍርድ ሸንጎ ሰብሳቢ ያደረጋቸው ሰው ናቸው። የተመረጡበት ምክንያት አንድ ነው፤ ውሸት አያውቁም። የገዛ አማታቸው ሞተው አልቃሿ «ደጊቱ፣ ሩኅሩኋ» እያለች ስታወርድ፣ ጋሽ አካለ ወልድ ከድንኳኑ ጥግ፣ «ደግ እንኳ አልነበሩም፤ ነፍስ ይማር» ብለው ለቅሶውን ያቋረጡ ሰው ናቸው። ባለቤታቸው ወይዘሮ ፈንታነሽ ከዚያ በኋላ እስከ ተዝካሩ አላነጋገሯቸውም።

ከዳኝነት ወንበራቸው የምትወርድ አንዲት ቃል ነበረቻቸው፦ «ሕግ ዓይን የለውም፤ ጥርስ ግን አለው!» ይህቺን የሰማ ተከሳሽ ሳይጠየቅ ያምናል። እንቁላል የሰረቀም በሬ የሰረቀም እሳቸው ዘንድ እኩል ነው። «እንቁላሉ ዶሮ ይሆን ነበር፤ ዶሮዋ ስትረባ በግ ትገዛ ነበር፤ በጉ ሲረባ በሬ ይገዛ ነበር» እያሉ ያረቡና፣ በእንቁላል የገባውን ሰው በበሬ ያስወጡታል።

መምህርት አምሳለች ቤት የተከራየችው እንግዲህ በእኒህ ሰው ግቢ ነው። የእንግሊዝኛ አስተማሪ ናት፤ ከወደ አሰላ ተመድባ የመጣች፣ ሳቂታ፣ ስትናገር እጇም ዓይኗም አብሮ የሚናገር። ሻንጣዋ ውስጥ አንድ ወፍራም የእንግሊዝኛ ልብ ወለድ ነበር፤ ሽፋኑ ላይ ባለ ክንፍ ዘንዶ የተሳለበት። ማታ ታነብበዋለች። ከሰዓት በኋላ ከትምህርት ቤት ስትመለስ፣ ወይዘሮ ፈንታነሽና ጎረቤታቸው ጠላ ሻጯ ይርጋነሽ ከግቢው ጥድ ሥር ተቀምጠው ጥጥ ሲፈትሉ፣ ያነበበችውን ወደ አማርኛ እየመለሰች ታወራላቸዋለች።

ደመና ላይ የተሠራች አገር አለች። ንጉሧ አስማተኛ ነው። ግብር የሚቀበለው እህል አይደለም፤ የሰው ጥላ ነው። ጥላውን የገበረ ሰው ሳቁም አብሮ ይሄድበታል። ንጉሡ ጥላውን ሁሉ በገንቦ እያሸገ ግምጃ ቤቱ ይደረድረዋል፤ ግምጃ ቤቱን ደግሞ አንዲት ዘንዶ ትጠብቃለች። በዚህች አገር ላይ አንድ ሌባ አለ። ስሙ በመጽሐፉ ምላስ የሚሰብር ነው። አምሳለች «እንደ ሳሙና የሚያዳልጥ ማለት ነው» ብላ ስትፈታው፣ ከቤት ውስጥ፣ ከመስኮቱ ሥር፣ አንድ ወፍራም ድምፅ ተሰማ፦

«እንግዲያስ ሙልጬ በይው! ሙልጭልጭ ነው፤ አያያዝም። የገባበትንም ቤት ሙልጭ አድርጎ ይወጣል። ሁለቱንም ይይዝልሻል።»

ሴቶቹ ተያዩ። ጋሽ አካለ ወልድ ዳዊት እየደገሙ ነበር የሚባለው። የፈረንጅ ቅዠት ነው እያሉ ሲያጣጥሉት ሰንብተው፣ ወንበራቸው ግን በየቀኑ አንድ ስንዝር ወደ መስኮቱ ስትጠጋ ኖራለች። በማግስቱ ዳዊቱን በማኅደሩ ከትተው፣ ወንበሯን ተሸክመው ወጡና ከሴቶቹ መካከል አስቀመጧት። ሰበብ አልፈጠሩም፤ መዋሸት አይችሉም። «ጮክ በይ፤ ከውስጥ በደንብ አይሰማም» አሉ፣ ነገሩ በቃ።

ሙልጬ ከዚያ ቀን ጀምሮ የእሳቸው የክርስትና ልጅ ሆነ ማለት ይቻላል።

ሙልጬ ጥላህን ገብር ሲባል የፍየል ጥላ አምጥቶ አስረከበ። ተቀባዩ «ምነው ቀንድ አወጣ?» ቢለው፣ «ሸክሙ ነው ጌታዬ፤ ግብር በራሴ ላይ ሲከመር ኖሮ አበቀለ» አለ። ጋሽ አካለ ወልድ ጉልበታቸውን መቱ። ሙልጬ ዘንዶዋን «እንዲህ ያለ ፍንጭት ጥርስ በዓለም አላየሁም» ብሎ አሞካሽቶ፣ አገባሻለሁ ብሎ ምሎ፣ ዓይኗን ጨፍና ስትሽኮረመም ከጥላው ጋር ከተቀመጠው ወርቅ ዘገነ። ጋሽ አካለ ወልድ ከወንበራቸው ተነሥተው ጥዱን ሁለት ጊዜ ዞሩት።

አብሮት የሚጓዝ አንድ ፈረሰኛም ነበር፤ የማይዋሽ፣ የማይሰርቅ፣ ለጠላቱ ሳይቀር እጅ የሚነሣ። ደራሲው ሰው ሁሉ እሱን እንዲወድለት ነበር የደከመው።

«ይሄ ሰውዬ ምነው ደረቀ!» አሉ ጋሽ አካለ ወልድ። «የሚናገረው ሁሉ አዋጅ ነው። ቶሎ እለፊው ልጄ፤ ወደ ሙልጬ ሂጂ።»

ወይዘሮ ፈንታነሽ እንዝርታቸውን ሳያቆሙ፣ «እኔስ የማውቀውን ሰው መሰለኝ» አሉ።

ለምን እንዲህ ወደዱት? ከተማው ብዙ ጠየቀ። በዚያ ዘመን ሰው ቃሉን እንደ ጨው እየቆነጠረ ነበር የሚያወጣው። ስብሰባ ላይ እጅ ሲወጣ እጅ ይወጣል፤ ሲጨበጨብ ይጨበጨባል። ጋሽ አካለ ወልድ መዋሸት ስለማይሆንላቸው ያላቸው መንገድ ዝምታ ነበር፤ ዝም ብለው ዝም ብለው ዝምታው ትከሻቸው ላይ እንደ ጭነት ተቆልሏል። አንድ ቀን ታዲያ ሙልጬ ተይዞ ንጉሡ ፊት ቀረበና፣ «ግርማዊ ሆይ፣ ዘውድዎ ጠቦዎታል፤ ሐሳብ አላስገባ ብሎ ነው» አለ። ጋሽ አካለ ወልድ የጋቢያቸውን ጫፍ አፋቸው ውስጥ ጎስጉሰው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ።

«እርስዎ ያላሉትን እሱ እያለልዎ ነው» አሉ ወይዘሮ ፈንታነሽ። ባላቸው ዓይናቸውን ጠረጉ።

ነገሩ እስከ ሸንጎው ደረሰ። ገላው የሚባል፣ ከተማው በሙሉ የሚያውቀው የዶሮ ሌባ፣ የይርጋነሽን አውራ ዶሮ ጋቢው ውስጥ ይዞ ተያዘ። ጉዳዩ ግልጽ ነው፤ ምስክሩ ብዙ፣ ዶሮውም እዚያው ቆሟል። ሕዝቡ ያቺን ቃል ለመስማት ጆሮውን አቀና። ጋሽ አካለ ወልድ ገላውን ትክ ብለው አዩት፣ አዩትና፣

«ለመሆኑ ሳይጮህ እንዴት ወሰድኸው?» አሉት።

የገላው ፊት በራ። ስለ ሙያው የጠየቀው ሰው በሕይወቱ አልነበረም። «ራሱን ክንፉ ሥር ቀብረው እሹሩሩ ማለት ነው ጋሼ። ሌሊት መስሎት ይተኛል፤ እስኪነቃ እኔ ሩቅ ነኝ።»

«አቤት!» አሉ ዳኛው፣ ጠረጴዛውን መትተው።

ሕዝቡ እርስ በርሱ ተያየ። ጋሽ አካለ ወልድ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ መነጽራቸውን አወለቁ፣ መልሰው አደረጉ። ከዚያ ገላው ዶሮውን እንዲመልስ፣ ሲገባ ያፈረሰውንም የይርጋነሽን አጥር አዲስ አድርጎ እንዲያጥር ፈረዱ። በሬም አልረባ፣ በግም አልረባ። «ዳኛው ታመዋል» ተባለ ገበያው ላይ። ገላው ግን አጥሩን ሲያጥር እግረ መንገዱን የጥዱን ሥር ወሬ ይሰማ ስለ ነበር፣ በአንድ ጠዋት የሚያልቀውን ሥራ ወር ሙሉ አጠረው።

ታሪኩ እየከረረ ሄደ። ሙልጬና ፈረሰኛው ግምጃ ቤት ሲገቡ ተነቃባቸው። ፈረሰኛው «አንተ አምልጥ፤ እኔ እመክታለሁ» ብሎ ቀረና ተይዞ በሰንሰለት ከዘንዶዋ ፊት ታሰረ። ሙልጬ በመስኮት ሾለከ። ጀርባው ላይ እስከ ልጅ ልጁ የሚበቃ ወርቅ ይዟል፤ ፊቱ ላይ ደግሞ ሁለት መንገድ አለ፣ ወደ ባሕሩ የሚወስደውና ወደ ኋላ የሚመልሰው። አምሳለች እዚህ ላይ መጽሐፉን ዘጋች። «ከዚህ ወዲያ አላነበብኩም፤ ነገ።»

ነገ አልመጣም። በማግስቱ «ወደ ሞጣ ተዛውረሻል፣ በአስቸኳይ» ተባለች። ሻንጣዋን አሰረች፣ ወይዘሮ ፈንታነሽን አቅፋ አለቀሰች፣ ሄደች። ሙልጬ ከነወርቁ መንታ መንገድ ላይ እንደ ቆመ ቀረ።

የዚያ ሰሞን የጋሽ አካለ ወልድ ቤት ሰላም አጣ።

«ይመለሳል» ይላሉ ጋሽ አካለ ወልድ።

«አይመለስም፤ ሌባ ሌባ ነው» ይላሉ ወይዘሮ ፈንታነሽ። እኒያ ለማኝ ሳያበሉ የማያልፉ፣ ለገላው እንኳ አጥር ሲያጥር ምሳ የሚያቀርቡ ሴት፣ በሙልጬ ላይ ግን ድንጋይ ሆኑ። «ዘንዶዋን የከዳ ፈረሰኛውን ይምራል?»

«አንቺ ልጁን አታውቂውም!»

«እርስዎስ የት ያውቁታል?»

እራት በዝምታ ይበላ ጀመር። ጋሽ አካለ ወልድ ከሱ፤ እንቅልፍ እምቢ አላቸው። አንድ ጠዋት ተነሥተው ኮታቸውን ለበሱና ቀበሌ ሄዱ። ያኔ ከአውራጃ አውራጃ ቀርቶ ከከተማ ከተማ ለመሄድ የይለፍ ወረቀት ያስፈልጋል፤ የሚሰጠው ደግሞ የቀበሌው ሊቀ መንበር ጓድ ይግዛው ነው፤ ፈገግታ በኮታ የሚሰጠው የሚመስል ሰው።

«ወደ ሞጣ? ለምን ጉዳይ ነው ጋሼ?»

የልብ ወለድ መጨረሻ ልሰማ ማለት ለአንድ የሸንጎ ሰብሳቢ አይሆንም። መዋሸትም አይሆንላቸውም። ያን ጊዜ የቅኔ ቤት ትምህርታቸው ደረሰላቸው።

«አንድ የማውቀው ልጅ ክፉ ነገር ውስጥ ገብቶብኛል» አሉ። «ጓደኛው ታስሯል፤ እሱም የት እንደ ደረሰ አልታወቀ። ወሬውን የምታውቅ ሴት ሞጣ አለች። ይትረፍ አይትረፍ ሰምቼ ልመለስ ብዬ ነው።»

ከዚህ ውስጥ አንዲት የሐሰት ቃል የለችም።

ጓድ ይግዛው ብዕሩን አስቀመጠ። የእሱ ታላቅ ወንድም ደብረ ማርቆስ ታስሮ ወሬው ከጠፋ ቆይቷል፤ ከተማው ያውቃል፣ ማንም ግን አያነሣበትም። «ዘመድዎ ነው?» አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ዘመድ እንኳ አይደለም። ግን እንቅልፍ ነሣኝ።»

ጓድ ይግዛው ሌላ ሳይጠይቅ ማኅተሙን መታ። ወረቀቱን ሲሰጣቸው ወደ በሩ አየት አድርጎ፣ «እግዜር ይርዳው» አለ።

ጋሽ አካለ ወልድ አውቶቡስ ተሳፍረው፣ ደብረ ወርቅን አልፈው፣ የመንገዱን አቧራ ጠግበው ሞጣ ገቡ። መምህርት አምሳለችን ትምህርት ቤቱ በር ላይ አገኟት። ስታያቸው የያዘችው ጠመኔ ወደቀ።

«ጋሼ! ምነው? ወይዘሮ ፈንታነሽ ምን ሆኑ?»

«ደህና ናት። ተመለሰ?»

«ማን?»

«ማን ይሆናል! ሙልጬ ነዋ!»

አምሳለች መጀመሪያ ሳቀች። ከዚያ ኮታቸው ላይ ያለውን አቧራ፣ የገቡትን ዓይኖቻቸውን አየችና ሳቋ ቆመ። አጥሩ ሥር አንድ ድንጋይ ላይ አስቀመጠቻቸው፣ አጠገባቸው ተቀመጠች፣ ቀስ ብላ ነገረቻቸው።

አልተመለሰም። ወደ ባሕሩ ወረደ። ፈረሰኛውን ዘንዶዋ በላችው። ሙልጬ በወርቁ አዲስ ጫማ ገዛ፣ መርከብ ተሳፈረ፣ እያፏጨ ሄደ። መጽሐፉ እዚያ ላይ አለቀ።

አንድ አህያ ነጂ አልፎ ሄደ፤ ጋሽ አካለ ወልድ ሰላምታውን አልሰሙትም።

«ይሄ ደራሲ የት አገር ሰው ነው?» አሉ በመጨረሻ።

«የባሕር ማዶ ሰው ነው ጋሼ።»

«አያውቀውም።»

«ራሱ የፈጠረውን?»

«ልጁን የማያውቅ አባት ስንት አለ!» ድምፃቸው ተሰበረ። «እኔ እኮ… የፍየሏን ጥላ ሲያስረክብ አብሬው ነበርኩ። ይህ ልጅ ይቀጥፋል፣ ይሰርቃል፤ ሰው ግን አያስበላም!»

አምሳለች ተነሣች። ያላትን ዳቦ በወረቀት ጠቅልላ ሰጠቻቸው፣ እስከ መኪናው ሸኘቻቸው። አውቶቡስ ስላልነበር በኤንትሬ የጭነት መኪና ላይ፣ በጤፍ ጆንያ መካከል ተቀምጠው ተመለሱ። ዳቦውን ቆርሰው ነበር፤ አልወርድ አላቸው። መኪናው በየጉድጓዱ ሲያነሣ ሲጥላቸው፣ ከንፈራቸው ግን ይንቀሳቀስ ነበር። አጠገባቸው የነበረ ነጋዴ የሚጸልዩ መስሎት ባርኔጣውን አወለቀ።

ብቸና ሲደርሱ የመምጣታቸው ወሬ ቀድሟቸው ደርሷል። ግቢው ሞልቶ ጠበቃቸው፤ ይርጋነሽ ከነደንበኞቿ፣ ገላው ባጠረው አጥር ላይ ተንጠልጥሎ። ወይዘሮ ፈንታነሽ ከጥዱ ሥር ቆመዋል። አይመለስም እያሉ የማሉት ሴት፣ እንዝርታቸውን ደረታቸው ላይ ጨብጠው፣ ዓይናቸውን ከባላቸው አፍ ላይ መንቀል አቅቷቸዋል። ያን ጊዜ ገባቸው ለጋሽ አካለ ወልድ፤ ይህች ሴት ስትሟገት የሰነበተችው ተስፋ አድርጋ እንዳታፍር ነው።

አፋቸውን ከፈቱ። እውነቱ ምላሳቸው ጫፍ ላይ ነበር።

«ተመለሰ!» አሉ።

እልልታው ጥዱ ላይ ያሉትን ወፎች አስነሣ። ጋሽ አካለ ወልድም በሕይወታቸው የመጀመሪያዋን ውሸት ዋሽተው፣ መሬት እስክትከፈት ትንሽ ጠበቁ። ሳትከፈት ስትቀር ቀጠሉ።

«ወደ ባሕሩ እየወረደ ሳለ፣ ሲርበው ዳቦ ቆረሰ። አልወርድ አለው! ‹ምን ዓይነት የተረገመ ጨዋ ነው፣ ሆዴ ውስጥ ገብቶ የሚከራከረኝ!› ብሎ ዳቦውን ወረወረና ዞረ። በሌሊት አይደለም፣ በመስኮት አይደለም፤ በጠራራ ፀሐይ፣ በዋናው በር! ወደ ዘንዶዋ ሽማግሌ ላከባት!»

«ሽማግሌ!» አለች ይርጋነሽ።

«ቃሉን ሊፈጽም፣ ሊያገባት! ዘንዶዋ በደስታ ጢሷን ዋጠች። ሙልጬም በወርቁ ተሸልሞ ገባና፣ ‹ማሬ፣ ሠርግ ያለ ሚዜ አይሆንም። ሚዜዬን አስረሽብኛል› አላት። ‹ውይ፣ አላወቅሁም!› ብላ በገዛ ጥርሷ፣ በዚያ በፍንጭቱ፣ ሰንሰለቱን ቆረጠችው!»

«በፈረንጅ አገርም ሚዜ አለ እንዴ?» አለች ይርጋነሽ እንደገና።

«የሌለበት አገር አለ? ዝም በይ! ዘንዶዋ ለሠርጓ ልትኳል ስትል፣ ሁለቱ ግምጃ ቤት ገብተው ገንቦውን ሁሉ፣ አንድ በአንድ፣ ሰበሩት! ጥላው እንደ ወፍ መንጋ ተበተነ፣ እያንዳንዱ ባለቤቱን ፈልጎ እግሩ ሥር ተኛ፤ በዚያች ከተማ ስንት ዘመን ያልተሰማ ሳቅ…»

ድምፃቸው ቆመ። ጓድ ይግዛው በሩ ላይ ነበር።

መቼ እንደ መጣ ማንም አላየም። ሰው ሁሉ መሬት መሬቱን አየ። ገላው ከአጥሩ ወረደ። የንጉሥ ግምጃ ቤት መስበር፣ ግብር ማስመለስ፣ በዚያ ዘመን ከሊቀ መንበር ፊት የሚወራ ወሬ አልነበረም።

«ጋሼ» አለ ጓድ ይግዛው። «ያ ያሉኝ ልጅ… ይህ ነው?»

«ይኸው ነው ጓድ።»

«ተረፈ?»

«ተረፈ። የታሰረውንም አስፈትቶ ወጣ።»

ጓድ ይግዛው ቆቡን አወለቀ። በእጁ ላይ አዟዟረው። «እንኳን ተፈታ» አለ በመጨረሻ፣ ለዘመድ እንደሚባለው አድርጎ፣ ፊቱን መልሶም ወጣ። ከአጥሩ ውጭ ግን ርቆ አልሄደም። ወሬው እስኪያልቅ የቆቡ ጫፍ በአጥሩ ላይ ይታይ ነበር።

ለፋሲካ መምህርት አምሳለች ብቸናን ልትጠይቅ መጣች። ገና ነጠላዋን ሳታወልቅ ይርጋነሽ ተነሣችባት።

«አንቺ ልጅ! ያን የመሰለ ሠርግ ቆርጠሽብን ትሄጃለሽ? ጋሼ ሞጣ ድረስ ባይደክሙ ሳንሰማው ልንቀር ነበር!»

«የምን ሠርግ?»

«የዘንዶዋ ነዋ! ሙልጬ ሽማግሌ ልኮባት፣ ሚዜውን አስፈትቶ…»

አምሳለች ወደ ጋሽ አካለ ወልድ ዞረች። ጋሽ አካለ ወልድ የኮታቸውን ቁልፎች ከላይ ወደ ታች መፍታት፣ ከታች ወደ ላይ መቆለፍ ጀምረዋል። ጆሯቸው ቀልቷል። ከተማው በእውነተኛነታቸው እጅ ያወጣላቸው ሰው፣ በአንዲት የእንግሊዝኛ አስተማሪ ቃል ላይ ተንጠልጥለዋል። ወይዘሮ ፈንታነሽ ሁሉን ከመጀመሪያው ሲያውቅ በኖረ ሰው አስተያየት ነበር የሚያዩት፤ ትንፋሻቸውን ግን ይዘዋል።

«እውነትሽን ነው» አለች አምሳለች። «ስቸኩል ያቺን ምዕራፍ ዘልያት ኖሯል። ለጋሼም በኋላ ነው የነገርኳቸው።» ከሴቶቹ መካከል ቁጭ አለች፣ እግሯን አጠፈች፣ አገጯን በመዳፏ ደገፈች። «አሁንማ ረስቼዋለሁ። ጋሼ፣ እስኪ እርስዎ ከሽማግሌዎቹ ይጀምሩልኝ።»

ጋሽ አካለ ወልድ ቀና አሉ።

«ሽማግሌዎቹ» አሉ፣ ድምፃቸው እንደ ጎረምሳ እየተንቀጠቀጠ፣ «ባለፈው ሳልነግራችሁ ቀርቼ ነው እንጂ አራት ነበሩ። አንደኛው ዓይነ ስውር ነው። ዘንዶዋን ስላላያት፣ ገብቶ ጭኗ ላይ ተቀመጠ…»